ኮምቦልቻ ሥራ አለ ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ነው ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። አንተ ደሴ ቴክኒክና ሙያ ጄኔራል መካኒክስ ጨርሰሃል። እህትህ 12ኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ሁለታችሁም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ብትገቡ ያዋጣል ወይስ አዲስ አበባ ይሻላል ነው ያልከው። አንዱ «ና፣ ከተማው ፋብሪካ በፋብሪካ ነው» ብሎሃል፣ ሌላው «ሁሉም ተዘግቷል» ብሎሃል። ሁለቱም አጋነዋል። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ማሽን ስጠግን ቆይቼ አሁን ዱቄት ፋብሪካ ጥገና ላይ ነኝ። ያየሁትን ልንገርህ።

ፋብሪካ አትቁጠር። ፋብሪካው ዕቃውን ለማን እንደሚሸጥ ጠይቅ። እዚህ ከተማ እንጀራህ የሚቆየውም የሚቋረጠውም በዚያ ነው።

ለአገር ውስጥ የሚያመርቱ አሉ። ቢራው፣ ዱቄቱ፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረቱ። እነዚህ ደጃቸው ላይ ማስታወቂያ ብዙ አታይም። የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም፣ ቦታ ሲከፈትም ወሬው በሠራተኛው በኩል ዘመድ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ደስ አይልም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ስንዴ ሲወደድ ወይም መንገድ ሲዘጋ ምርት ይቀንሳል እንጂ ገበያው ራሱ አይጠፋም። ሰው ዳቦ መብላቱን አይተውም።

ሐምሌ 2009 የተመረቀው ፓርክ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መጀመሪያ 75 ሄክታር ላይ ነው የተሠራው። ጣልያን፣ ኮሪያ፣ አሜሪካ ገቡበት ሲባል ከተማው ሁሉ ቤት መሥራትና ማከራየት ጀመረ። ኮምቦልቻ የተመረጠችውም በከንቱ አልነበረም። የአዲስ አበባና የመቀሌ መንገድ በዚህ ያልፋል፣ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ መውረጃው ከዚህ ይነሳል፣ ደረቅ ወደብ አለ። ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄድ የባቡር ሐዲድም እየተሠራ ነበር፤ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር ጦርነቱ ቀደመው።

የፓርኩ ሥራ ግን በትዕዛዝ ነው የሚንቀሳቀሰው። ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ ውጭ አገር ተቀምጦ ይህን ያህል ልብስ በዚህ ቀን ይላል። ጨርቁና ክሩ በጅቡቲ ይገባል፣ ተሰፍቶ በጅቡቲ ይወጣል። አንድ ኮንቴይነር መንገድ ላይ ከቀረ ላይኑ፣ ማለትም የስፌት መስመሩ፣ ቁጭ ይላል። ቀኑ ካለፈ ገዥው ይቀጣል ወይም ዕቃውን በአውሮፕላን ላክ ይላል፣ ያኔ ትርፉ አለቀ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመልሰን ስናይ ብዙ ፋብሪካ ተዘርፎ ነበር። ይሄ ሳያንስ በዚያው ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ አስወጣች። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት፣ ገዥውም ሌላ አገር ሄደ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን በየጊዜው ይዘጋዋል።

እኔ በነበርኩበት ድርጅት ትዕዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ ዓመት ፈቃድ ውጡ ተባለ። ቀጥሎ ኮንትራት ያለቀባቸው ኦፕሬተሮች፣ ማሽን ላይ የሚሰፉት ማለት ነው፣ አልታደሰላቸውም። ቀጥሎ ሱፐርቫይዘሮቹ ሄዱ። ጠጋኞቹ ግን ቆየን። ማሽን ቆሞም ቢሆን ይዘየታል፣ ይፈተሻል፣ ወደ ሌላ ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ይዘዋወራል። አንተና እህትህ አንድ በር ብትገቡም የተለያየ ቦታ ነው የምትቆሙት የምልህ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ላንተ ብዙ አልሰጋም። አብሽር። ጄኔራል መካኒክስ ያለው ልጅ እዚህ ይፈለጋል፣ በተለይ ብየዳና ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) እጁ ላይ ካለ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ በኋላ መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት እሳት ሆኗል። ፋብሪካዎቹ ያረጀውን ዘንግና ጥርስ እዚሁ ማስቀረጽ ይመርጣሉ። ከፋብሪካዎቹ ውጭ ያሉት ትናንሽ ጋራዦችና ቶርኖ ቤቶችም በዚህ እየኖሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ ከነሱ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፣ ክፍያው ቢያንስም።

እህትህ ግን ስፌት ላይን ነው የምትገባው። ፓርኩ በር ላይ ሁልጊዜ «ኦፕሬተር እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አለ። ሥራው ስለበዛ እንዳይመስልህ። ሴቶቹ ስለማይቆዩ ነው። ከእኔ ጋር ከነበሩት ብዙዎቹ ለዓረብ አገር መሄጃ የሚሆን ብር እስኪያጠራቅሙ ነበር የሚሠሩት፣ ጥቂት ወራት ቆይተው ይጠፋሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? የግል ድርጅትን የሚያስገድድ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይኖር ነው የኖርነው። የቤት ኪራይ ሲከፈል፣ ሽሮና ዘይት ሲገዛ ለቤተሰብ የሚላክ አይተርፍም። የሚተርፋቸው አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት የሚከራዩት ናቸው።

ቅጥር ላይ የሚነግሯትን ጠቅላላ ብር አትመን። መነሻ ደመወዙ ስንት ነው ብላ ትጠይቅ። ከሥራ ላልቀረ የሚሰጥ ቦነስ፣ የታርጌት ቦነስ፣ ምሳ፣ ሰርቪስ እየተደመረ ነው ትልቅ የሚመስለው። ትርፍ ሰዓትና ስንብት ግን የሚሰሉት በመነሻው ነው። በአዋጅ 1156/2011 የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ የማታው 1.75፣ የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ የበዓል ሁለት ተኩል ነው። የሙከራው ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷት ይችላሉ። ስለዚህ ሙከራዋን ሳትጨርስ ዕቃ አትግዙ፣ የስድስት ወር ኪራይም አትክፈሉ።

ከደሴ እየተመላለስን ብንሠራስ ያልከው ለቀን ሺፍት ሊሆን ይችላል። ለሌሊቱ አይሆንም። ክረምት ላይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ተራራ ጉም ሲለብስ መኪናው እየዳበሰ ነው የሚወርደው፣ የሰዓት ፊርማ ደግሞ ጉም አያውቅም። ታሪፉም ቢሆን በወር ሲደመር ከአንድ ክፍል ድርሻ ኪራይ አይርቅም።

አዲስ አበባን ዘመድ ከሌለህ አልመክርህም፣ ኪራዩ ይጨርስሃል። ከዚያ ይልቅ ደብረ ብርሃንን አስብበት። እዚያም ፋብሪካ አለ፣ ላንተ ዓይነት ሙያ ይሆናል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ብቻዬን ነበር የምመጣው። እህትህ ደሴ ትቆይ፣ አንተ ቶርኖ ቤቶቹንና የዱቄት ፋብሪካዎቹን ጥገና ክፍል በእግርህ ዙር። በሰው ሀብት ቢሮ ብቻ አትሂድ፣ የጥገና ኃላፊውን አስጠርተህ አነጋግር። አንተ ከተረጋጋህ በኋላ እሷ ትምጣ፤ ያኔ ኪራዩ ተከፍሎ ይጠብቃታል፣ የመጀመሪያውን ሥራ ባትወደው እንኳ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራታል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወስደህ ከሆነ ደረጃህን እዚሁ ጻፍልኝ፣ ብየዳ ላይ እንዴት እንደሆንክም ጨምር። የሚፈልግ ሲኖር እጠቁምሃለሁ።