ቻርጀሩ ሲሠራ ብሬከሩ ይጥላል፣ የጎረቤት መብራትም ይደበዝዛል

ጥያቄ፦ ለኤሌክትሪክ መኪናዬ ባለ 32 አምፔር ቻርጀር በነጠላ ፌዝ (በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር) አስገጥሜያለሁ። ማታ ስሰካው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራና ባለ 40 አምፔሩ ዋና ብሬከር ይጥላል። ጎረቤቶቼም መብራታቸው እንደሚደበዝዝ ነግረውኛል። ብሬከሩን በ63 ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ 63 አምፔር የማይችል ከሆነ፣ ብሬከሩ መጣሉን ሲያቆም መቃጠሉ ወደ ሽቦው ይዞራል።

መጀመሪያ ጭነቱን ይደምሩ። ቻርጀሩ በ230 ቮልት 7.4 ኪሎዋት ይወስዳል። ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ 9 አምፔር ገደማ፣ ባለ 1.5 ኪሎዋት የውሃ ማሞቂያ 6.5 አምፔር ይጨምራሉ፤ በአንድ ላይ 47 አለፈ። ብሬከር ከልኩ በጥቂቱ ሲታለፍ ወዲያው አይጥልም፤ ውስጡ ያለው የብረት ዝርግ ቀስ እያለ ሞቆ ሲጎብጥ ነው የሚለቀው። ግማሽ ሰዓት የሚቆይብዎ ለዚህ ነው። ምድጃ ቶሎ ይጠፋል፣ ማሞቂያም በየመሃሉ ያርፋል፤ መኪና ግን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይስባል።

ሌላውን ሁሉ አጥፍተው ቻርጀሩን ብቻ ሲያሠሩት ከጣለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 32 አምፔር ብቻውን ባለ 40ውን መጣል የለበትም። ብሎኑ የላላበት ሽቦ ብሬከሩን ያሞቀዋል፤ የሽቦው ጫፍ ጠቁሮ ወይም ሽፋኑ ቀልጦ ያገኙታል። የተቃጠለውን ቆርጦ እንደ አዲስ ማሰር ያስፈልጋል። ይህን ራስዎ አይሞክሩት፦ ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚገባበት በኩል ኤሌክትሪክ አለው።

የመደብዘዙን ምክንያት ቮልቴጅ በመለካት ይለዩታል። ቻርጀሩ ሲሠራና ሲቆም በዋናው ብሬከርና በቻርጀሩ መግቢያ ላይ ባለሙያ ይለካልዎ። ዋናው ላይ ሳይወርድ ቻርጀሩ ጋ ከወረደ፣ የእርስዎ ሽቦ ቀጥኗል። በ30 ሜትር ርቀት 32 አምፔር ሲያልፍ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ 10.5 ቮልት ገደማ ያጠፋል፣ ባለ 6ቱ 7፣ ባለ 10ሩ 4 ብቻ። ዋናው ላይ ራሱ ከ225 ወደ 205 ከወረደ ግን ችግሩ ከምሰሶው በኩል ነው፤ ጎረቤት ጋ መሰማቱም ወደዚያው ያመለክታል። አንዱ ቤት ሲደበዝዝ ሌላው ከወትሮው በላይ ከደመቀ ኒውትራሉ (ቤቶቹ የሚጋሩት የመመለሻ ሽቦ) ላልቷል ማለት ነው። ያኔ ቻርጀሩን ነቅለው ለመብራት አቅራቢው ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳውቁ፤ የቤት ዕቃ ያቃጥላል።

አቅራቢው ትራንስፎርመር ሲመርጥ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ እንደማይጠቀም አስቦ ነው። ባለ 100 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ፣ ለኪሎዋት የቀረበ) ትራንስፎርመር 50 ቤት ቢመግብ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 ኬቪኤ ነው። አሥር መኪና እንደ እርስዎ በአንድ ምሽት ቢሰካ 74 ኪሎዋት በአንዴ ይነሳል፤ ሌሊት ሊቀዘቅዝ የሚገባው ትራንስፎርመርም ሳይቀዘቅዝ ያድራል። ለዚህ ነው አቅራቢዎች ቻርጀር ከመገጠሙ በፊት አሳውቁ የሚሉት፣ የሌሊት ታሪፍ የሚያረክሱትም። ነገር ግን ሁሉም ቻርጀር ልክ በታሪፉ መነሻ ደቂቃ ከጀመረ አዲስ ጫና ይፈጠራል፤ እርስዎ ትንሽ አሳልፈው ቢያስጀምሩት ይሻላል።

ለዛሬ ማታ ቻርጀሩን በቅንብሩ ወደ 16 አምፔር ያውርዱት፣ ሰዓቱንም ምድጃና ማሞቂያ ከጠፉ በኋላ ያድርጉ። በ8 ሰዓት ውስጥ 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይስባል፤ የሚባክነው ተቀንሶ ለብዙ መኪኖች 150 ኪሎሜትር ያህል ያስኬዳል። ብዙ ሰው በቀን ይህን ያህል አይነዳም። ለዘለቄታው ዋናው መስመር ላይ አምፔር የሚቆጥር ክላምፕ (ሽቦውን የሚያቅፍ መለኪያ) ያለውና የቤቱ ጭነት ሲጨምር ራሱን የሚቀንስ ቻርጀር ከብሬከር ቅያሬ የተሻለ ወጪ ነው።

ለአቅራቢው ሲያመለክቱ የቻርጀሩን አምፔር፣ የሚሰኩበትን ሰዓትና የተለካውን ቮልቴጅ ይጻፉ። ሦስት ፌዝ ከመጠየቅዎ በፊት ግን የመኪናዎን መመሪያ ያንብቡ፦ ውስጡ ያለው መሙያ አንድ ፌዝ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሦስት ፌዝ አስገብተውም መኪናው ከ7.4 ኪሎዋት አያልፍም።