ቆጋ መስኖ ዳር ለሚግጡት በጎችና ለልጆቹ ጥያቄ

ወንድሜ፣ «በጎቼ ከሱ፣ አገጫቸው ስር ውሃ ቋጠረ፣ አልቤንዳዞል ሰጥቼም ለውጥ የለም፤ ልጆቼንስ ይይዛል ወይ?» ላልከው፦ መስኖ ዳር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉበት ትል ነው።

1. መጠኑ። ለበግ የሆድ ትል በኪሎ 5 ሚሊግራም ይበቃል፤ ለጉበት ትል ግን 7.5 ነው፣ ለከብት ደግሞ 10። ባለ 300 ሚሊግራሙ ፍሬ ከ40 ኪሎ በላይ በግ፣ ባለ 2500ው ከ250 ኪሎ በላይ ከብት አይሸፍንም። ሻጩ «አንዱን ለሁለት ክፈለው» ቢልህ አትስማው፤ 30 ኪሎ በግ 225 ሲፈልግ ግማሹ 150 ነው። በዓይን አትገምት፣ በጉን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገህ ሚዛን ላይ ስቀለው።

2. ወቅቱ። ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ሐሞት ቱቦ የደረሰውን ጎልማሳ ትል ብቻ ነው። በጉ በጥቅምት ከሣር ጋር የዋጠው ትል ገና ጉበቱን እየቦረቦረ ነው፤ እስኪጎለምስ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። ኅዳር ላይ ሰጥተህ ታኅሣሥ ላይ በጉ ሲከሳ መድኃኒቱን ትረግማለህ። (ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውንማ ብትረግመው ያንሰዋል።) ትሪክላቤንዳዞል ካገኘህ ጨቅላውንም ይገድላል፤ ለበግ በኪሎ 10፣ ለከብት 12። ካጣህ አልቤንዳዞሉን በየካቲት ድገመው። አውራ ከገባባት ወር ላልሞላት በግ ግን አልቤንዳዞል አትስጥ።

3. እበት አስመርምረህ «ትል የለም» ካሉህ እንዴት እንዳዩት ጠይቅ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፤ ተንሳፋፊውን ብቻ አይቶ የሚያሰናብት ባለሙያ አያገኘውም። ዝቃጩ ይታይልኝ በል። ቢቆጣም ይቆጣ፣ በጉ ያንተ ነው። ትሉ ገና ጨቅላ ከሆነ ግን ዝቃጩም ላይ እንቁላል አይገኝም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ከበግ ወደ ልጅ በቀጥታ አይተላለፍም። በእበት የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከሳምንታት በኋላ ወጥቶ ውሃ ዳር ሣርና ቅጠል ላይ ይለጠፋል። ሰው የሚይዘው ያንን በጥሬው ሲበላ ወይም ውሃውን ሳያፈላ ሲጠጣ ነው። ሰው ሁሉ በጥሬ ጉበት ያሳብባል፤ ተጠያቂው ግን በቦይ ውሃ የበቀለው ሰላጣና ሳይታጠብ የሚቃመው ጫት ነው። ማጠቡም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም፣ አብስለው።

ትምህርት ቤት ለቢልሃርዝያ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ይህንን ትል አይነካውም፤ «ልጄ ወስዷል» ብለህ አትዘናጋ። ቀኝ ጎኑን የሚያመው፣ የሚያተኩሰው ልጅ ካለ ሐኪም ጋ ሂድና መስኖ ዳር እንደምትኖሩ ራስህ ተናገር፣ ላይጠይቁህ ይችላሉ። በሰገራ እንቁላሉ የሚታየው ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ነው። ከምርመራው በፊት ለሳምንት ጉበት አይብላ፤ የበላው ጉበት ውስጥ የነበረ እንቁላል እንዲያው አልፎ ወጥቶ ያሳስታል። የከብቱን እንክብል ለልጅ እንዳትሰጥ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር መንጋውን ጨፌ አታውርድ። ውሃውን ቀድተህ በገንዳ አጠጣ፣ ገንዳው ዙሪያ ጭቃ እንዳይሆን ድንጋይ አንጥፍ። ከጨፌው የታጨደውን ሣር በደንብ ሳይደርቅ አታብላ፣ እርጥቡ ላይ ትሉ ለወራት ይቆያል።