ጋሼ፣ የቱን ቋንቋ ልማር?

ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር ኮምፒውተር ሳይንስ የተማሩ ልጆች ያገኙኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች የቱን ልማር የሚል። «ጋሼ፣ ፓይተን ይሻለኛል ጃቫ? ወይስ ጎ ልጀምር?» ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ግን ነገሩን አዞረችው። «ይሄ ሁሉ ቋንቋ ለምን አስፈለገ? ሁሉም ያው ነው እኮ!» አለችኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራን። ያልኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያደግሁት መንዝ ነው። አባቴ የሚዘራው ገብስ ነበር፤ ግን አንድ ዓይነት ገብስ አይደለም። ሰነፍ ቆሎ ገለባው ቶሎ ስለሚለቅ ለቆሎ ነው። ለጠላ የሚሆነው ሌላ፣ በበልግ ቶሎ የሚደርሰው ሌላ። አንዱን ብቻ ያዝ ቢሉት አይሰማም ነበር። ደግሞ ዘሩ ያው ሆኖ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ስሙ ብቻ የሚለይም ነበር።

ቋንቋዎቹም እንዲሁ ናቸው። ፎርትራን በ1957 ለሳይንስ ስሌት ወጣ። ኮቦል ወዲያው ተከትሎት ለቢሮና ለንግድ ሥራ መጣ። ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር።

ሲ ሻርፕ የሚባለው ቋንቋስ? የጃቫ ባለቤት የነበረው ሰን የተባለ ኩባንያ በ1997 ማይክሮሶፍትን በጃቫ ጉዳይ ከሰሰ። በ2000 ማይክሮሶፍት ጃቫን በጣም የሚመስለውን ሲ ሻርፕን ይዞ ብቅ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታነቧቸው መጀመሪያ ላይ መለየት ያስቸግራችኋል። እኔ እንደሚመስለኝ ማይክሮሶፍት በሰው መሬት ላይ ቤት መሥራት አልፈለገም። ስለዚህ ልጅቷን «እውነትሽን ነው፣ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም» አልኳት።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ሲ ሻርፕ ውስጥ የገባውን አሲንክ አዌይት፣ ማለትም ፕሮግራሙ አንዱን ነገር ሲጠብቅ ሌላ ሥራ እንዲቀጥል የሚያደርገውን አጻጻፍ፣ በኋላ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ወሰዱት። ዛሬ እናንተ በየቀኑ ትጽፉታላችሁ። ከፉክክር የተወለደ ቋንቋም ለጎረቤት የሚተርፍ ነገር ያበቅላል።

ረስት የሚባለውን ቋንቋ ደግሞ ከልቤ አከብረዋለሁ። ሲ በሚባለው ቋንቋ ስትጽፉ ሜሞሪውን፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ መረጃ የሚያስቀምጥበትን ቦታ፣ የምትይዙትም የምትለቁትም እናንተ ናችሁ። ሰው ይረሳል፤ ሌባ በዚያው ይገባል። ማይክሮሶፍት በ2019 በየዓመቱ ከሚደፍናቸው የደህንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ ስህተት እንደሚመጡ ተናግሯል። በ2015 የመጀመሪያው የጸና እትሙ የወጣው ረስት አብዛኛውን እንዲህ ያለ ስህተት ኮዱ ገና ሳይሠራ ያስቆመዋል። ይህ የስም ለውጥ አይደለም፤ ሌላ ዘር ነው። አዲስ ቋንቋ ስትሰሙ «የማንን ሕመም ሊያድን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሦስት ወር ፓይተን፣ ሦስት ወር ጃቫስክሪፕት፣ ከዚያ ጎ። ሲቪው ላይ ስድስት ቋንቋ ተደርድሯል፤ ያለቀ ፕሮግራም ግን አንድም የለም። እንዲህ ካለ ጎበዝ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ለብርድ ልብስ መደብር የሽያጭ መዝገብ እንሥራ አልኩት። አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ቢገዛ እንዴት እንደሚመዘገብ አላሰበበትም ነበር። ይህን የትኛውም ቋንቋ አይወስንለትም።

እኔ የጀመርኩት በፓስካል ነው። ዛሬ ፓስካል የሚጠይቀኝ ቀጣሪ የለም። ችግርን ቆራርሶ ማየትን፣ የስህተት መልእክትን ረጋ ብሎ ማንበብን ግን እዚያው ነው የተማርኩት፤ እስካሁን እበላበታለሁ። አንዱን አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ ሙሉ ሥራ ጨርሱበት፤ ሰው ይጠቀምበት፣ ይበላሽ፣ አስተካክሉት። ያኔ ተመሳሳዩን ሁለተኛ ቋንቋ በጥቂት ሳምንታት ትለምዱታላችሁ።

ልጅቷ ፓይተንን ያዘች። ለእናቷ ሰፈር እህል ለሚበዳደሩ ገበሬዎች መዝገብ እየሠራች ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ሰው የአምናውን ሳይመልስ ዘንድሮ ሌላ ቢበደር አንድ ላይ ልደምረው ወይስ ለየብቻ ላኑረው?» አለችኝ። እናትሽን ጠይቂያት አልኳት።