የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከልጄ ክፍል የሚሰማው ደወል

(በዚህ አምድ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም «ከሄቪ ሜታል አልበሞች ሁሉ አብልጬ የምወደው ብላክ ሳባዝ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው» ብለው ጽፈው ነበር። የ16 ዓመት ልጄም ሌት ተቀን የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው። የጀመረው ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ከሞተ ወዲህ ነው። ከክፍሉ መጀመሪያ ዝናብ ይሰማል፣ ቀጥሎ ደወል፣ ከዚያ የሚያስፈራ ጊታር። ሽፋኑ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ብቻዋን ቆማለች። ጎረቤቴ «ይሄ የሰይጣን አምልኮ ነው» አለችኝ። እርስዎ ምን አግኝተውበት ነው እንዲህ የወደዱት? እውነቱን ይንገሩኝ።
የልጅ እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ የአዳማ እናት፣ የሰይጣን አምልኮ አይደለም። ጎረቤትዎ እንዲያ ማለታቸው ግን አይገርመኝም። አልበሙ በፌብሩዋሪ 1970 ከወጣ ጀምሮ በገዛ አገሩ በእንግሊዝም ብዙ ሰው እንዲያ ብሏል።

በዝናብና በደወል የሚጀምረው ዘፈን የባንዱን ስም የያዘው ነው። ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ከምናምን ነው። አንድ ሰው ጥቁር ነገር ፊቱ ቆሞ ያያል። ያ ነገር ጣቱን ይቀስርበታል። ሰውዬው ዞሮ ይሮጣል። ሰይጣንን የሚያወድስ ቃል የለበትም። ሰውዬው በፍርሃት ርዷል፣ አምላክ እንዲረዳው ይማጸናል። ከልጅዎ ክፍል የሚሰሙት ያ ጩኸት የድረሱልኝ ጩኸት ነው።

ታሪኩ የመጣው ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከጊዘር በትለር ነው። ጊዘር ከአየርላንድ በመጣ የካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያደገው። በወጣትነቱ የጥንቆላ መጻሕፍት ያነብ ነበር። ክፍሉን ሳይቀር ጥቁር ቀለም ቀብቶት ነበር። አንድ ሌሊት ሲነቃ አልጋው ግርጌ ጥቁር ጥላ ቆሞ እንዳየ ራሱ ይናገራል። ደነገጠ። ከነዚያ መጻሕፍትም ራቀ። ያየውን ለኦዚ ነገረው፤ ዘፈኑ የተወለደው ከዚያ ድንጋጤ ነው።

የባንዱ ልጆች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት መስቀልም ያሳስብዎት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን የአሉሚኒየም መስቀሎች የሠራላቸው የኦዚ አባት ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በእንግሊዙ ሸክላ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የተገለበጠ መስቀል አለ። እሱን ያስገባው የአሳታሚው ወገን ነው፤ ልጆቹ አልተጠየቁም። ያ ሥዕል ለዓመታት ጣጣ አመጣባቸው። የማይፈልጓቸው ሰዎች በየኮንሰርቱ ይከተሏቸው ጀመር። ጥቁር የለበሰችዋ ሴት ፎቶ የተነሣች ሞዴል ናት። ከኋላዋ ያለው በኦክስፎርድሻየር፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ የሜፕልደራም የውኃ ወፍጮ ነው። ዛሬም ቆሟል፣ ሰው ይጎበኘዋል።

ስለሚያስፈራው ጊታር ደግሞ ትንሽ ላብራራ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነውና። የሚመታው ሦስት ኖታ ብቻ ነው። አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመታል። ያንኑ ድምፅ አንድ ኦክታቭ (ከ«ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለውን ያህል) ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ሦስተኛው ነው ሰውነትን የሚሰቀጥጠው። ከመነሻው ድምፅ በሦስት ሙሉ ቶን ይርቃል፤ ቶን በድምፆች መካከል ያለ ርቀት መለኪያ ነው። የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ መምህራን ይህን ርቀት በላቲን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን» ይሉት ነበር፤ ጆሮ ይቆረቁራል ብለው። ስሙ የወጣው እነዚህ ልጆች ከመወለዳቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ታዲያ ይኸው ርቀት በእኛም ቤት አለ። አንቺ ሆዬ ቅኝትን በፒያኖ ከ«ዶ» ተነስተው ቢመቱት አራተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ልክ ያን ያህል ይርቃል። ብዙ የሰርግ ዘፈኖቻችን በአንቺ ሆዬ የተቀኙ ናቸው። ሙሽራ ስናጅብ፣ እልል ስንል የኖርነው ይህን ርቀት እየሰማን ነው። ልጅዎ ክፍል ውስጥ ያስፈራዎት በዝግታ፣ በትልቅ ድምፅ፣ ብቻውን ስለተመታ ነው።

እኔ ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ማሽኑ ግድግዳ አልፎ አልጋዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ እኩል እየመታ፣ ሳያቋርጥ። የዚህን አልበም ካሴት ያመጣልኝ ከጀርመን የመጣ አጎቴ ነው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝም ነበር። ከበሮው ግን ገባኝ። ቢል ዋርድ ከበሮውን የሚመታው ጃዝ እንደሚወድ ሰው ነው፤ ልቅ ነው፣ ይወዛወዛል። ከሥሩ ግን ያ ከባድ ማሽን አለ። እነዚህ ልጆች ፋብሪካ አጠገብ ያደጉ መሆን አለባቸው ብዬ አሰብኩ። ኋላ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። አራቱም የበርሚንግሃም ልጆች ናቸው፤ አስተን ከሚባል የሠራተኞች ሠፈር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያፈራረሰው ገና ተጠግኖ ያላለቀበት ዘመን ነው። ኦዚ ቄራ ሠርቷል። የመኪና ጥሩምባ የሚመረትበት ፋብሪካ ውስጥም የጥሩምባ ድምፅ ሲያስተካክል ይውል ነበር። በዚያ ዘመን ሬዲዮው ስለ አበባና ስለ ፍቅር ይዘፍን ነበር። እነሱ በየቀኑ የሚያዩት ጭስና ብረት ነበር። ይህ አልበም ስለዚያ እውነቱን ይናገራል። የምወደው ለዚህ ነው።

አልበሙን የቀረጹት ኦክቶበር 16 ቀን 1969፣ ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ነው። ሁለቱ 21 ዓመታቸው ነበር፣ ሁለቱ 20። መድረክ ላይ እንደሚጫወቱት አብረው ቆመው ተጫወቱ፣ ኦዚም እዚያው አብሯቸው ዘፈነ። ከዚያ ዕቃቸውን ጭነው ለሥራ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። ዝናቡንና ደወሉን የጨመሯቸው እነሱ ከሄዱ በኋላ ስቱዲዮ የቀሩት ባለሙያዎች ናቸው። ጥድፊያው ይሰማል። አንዳንድ ቦታ ከበሮው ይቀድማል፣ ጊታሩ ይከተለዋል። ዛሬ ቢሆን በኮምፒውተር ያስተካክሉት ነበር፤ እንኳን ያኔ አልነበረ እላለሁ። በተለይ የመጀመሪያው ዘፈን መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ድንገት ሲለወጥ ልብ ብለው ይስሙ። ሰውዬው እየሮጠ ነው። አራቱም አብረውት ይሮጣሉ።

አንድ ነገር አልደብቅዎትም። ኤን.አይ.ቢ. የሚለው ዘፈን ውስጥ ተናጋሪው ራሱ ሰይጣን ነው። በቤዝ ጊታር ብቻ ይጀምራል፣ እጅግ ያምራል። ታሪኩ ሰይጣን ሴት አፍቅሮ እንደሚለወጥ ይናገራል። ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲ ክፉ ሰው እንደሚያናግር ማለት ነው። ቢሆንም ልጅዎ እንዴት እንደተረዳው መጠየቅ መብትዎ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ስለሚወደው ዘፈን ሲጠየቅ ብዙ ያወራል።

ከእሱ ጋር ቁጭ ብለው የመጀመሪያውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ይስሙት። ቀጥሎ ያለውን ዘ ዊዛርድንም ይስሙ። እዚያ ኦዚ ሃርሞኒካ ይነፋል። ዘፈኑ በቶልኪን መጽሐፍ ውስጥ ስላለው ደግ ጠንቋይ ስለ ጋንዳልፍ ነው፤ ደስ የሚል፣ የሚያራምድ ብሉዝ ነው። ኦዚ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ያቀረበው ጁላይ 5 ቀን 2025 እዚያው አስተን፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ነው። መቆም ስላቃተው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ አረፈ። ልጅዎ ያንን አይቶ ከሆነ የነካው ምን እንደሆነ ይገባኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጊታር እየተማርኩ ነው። የብላክ ሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ጣቶቹ የተቆረጡ ናቸው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ እንዴት ይጫወታል?
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ቶኒ 17 ዓመቱ ነበር፤ ብረት ቆርቆሮ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። ከባንድ ጋር ወደ አውሮፓ ሊሄድ ስለነበር የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነበር። ለምሳ ቤት ሲመጣ አልመለስም አለ። እናቱ «የጀመርከውን ጨርስ» ብላ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ብረት መጭመቂያ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው አልመጣም ነበርና እሱን ተኩት። ማሽኑ እጁ ላይ ወረደ። ደንግጦ ሲጎትት የቀኝ እጁ የመሃልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቀረ። ግራኝ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጁ ክር የሚጫነው እጁ ነው።

ሐኪሞች ጊታር ይቅርብህ አሉት። የፋብሪካው አለቃ ግን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ ይዞለት መጣ። ጃንጎ እጁ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ በሁለት ጣት ሶሎ ይጫወት የነበረ የጃዝ ጊታሪስት ነው። ቶኒ እሱን ሰምቶ ተነሳ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀለጠ። ለጣቱ ጫፍ ቆብ ሠራበት፣ በሞረድ አስተካከለው። ክሩ እንዳያንሸራትተው ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። የተለመደው ክር ያመው ነበር። ስለዚህ ቀጭን የባንጆ ክር ጊታሩ ላይ አሰረ።

አንተ በምትማርበት ደረጃ ልብ በል። በቆቡ ስር ክሩ አይሰማውም። ስለዚህ ሁሉንም በጆሮውና በጉልበት ይለካዋል። የተወሳሰበ ኮርድ መያዝ ይከብደዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ክር ብቻ የሚነካ አያያዝ አዘወተረ። ያ ወፍራም፣ ባዶ ቦታ የማይተው ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ቶኒ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚቃኝ ነው ይላል። ያንን ያደረገው በ1971 በሦስተኛው አልበም ነው፤ በሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ቶን) ዝቅ አድርጎ። በመጀመሪያው አልበም ላይ ቅኝቱ አንተ የተማርከው ተራው ቅኝት ነው። ስለዚህ ጊታርህን ሳትነካካ አብረህ መጫወት ትችላለህ።

ከየት ልጀምር ካልክ ከዚያው ሦስት ኖታ ጀምር። ቀላል ይመስላል። የሚከብደው መታገስ ነው። ኖታውን ምታና ድምፁ እስኪሞት ጠብቅ። ሦስተኛውን ስትይዝ ጣትህን ትንሽ አንቀጥቅጥ። እኔ እንደሰማሁት አብዛኛው ጀማሪ እዚያ ጋ ይቸኩላል፣ ፍርሃቱም ይጠፋል። ኤን.አይ.ቢ.ን ከዚያ በኋላ ሞክር። ዋርኒንግ የሚለውን የአልበሙን ዘፈን ተወው ለጊዜው፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፣ አብዛኛው የቶኒ ሶሎ ነው። መሃሉ ላይ ትንሽ ይንዛዛል፤ እኔ እንኳ እንዲህ ወድጄው አልክደውም። ግን ባንዱ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። እዚያ የሰውዬው እጅ ምን እንደሚችል ትሰማለህ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አልበሙን ከአሮጌ ሸክላ መሸጫ ገዛሁት። እንግሊዝ ያለው የአክስቴ ልጅ ኢቭል ውማን የሚል ዘፈን አለበት ይላል። የእኔ ላይ የለም። ጉድለት ያለበት ነው የሸጡልኝ?
አንባቢ፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ ጉድለት የለበትም። የአሜሪካው እትም የወጣው በ1970 አጋማሽ ነው፤ በእንግሊዝ ከወጣ ከወራት በኋላ። ኢቭል ውማን ክሮው የተባለ የአሜሪካ ባንድ ዘፈን ነው። ብላክ ሳባዞች በነጠላ እንዲያወጡት ተነግሯቸው ነው የሠሩት። በአሜሪካ እትም እሱ ወጥቶ ዊክድ ዎርልድ የሚል የራሳቸው ዘፈን ገባ። በእኔ አስተያየት የተሻለው የደረሰዎት እርስዎን ነው። ኢቭል ውማን ጥሩ ዘፈን ነው፤ ግን የሌላ ሰው ልብስ ለብሰው የዘፈኑት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ቶኒ ስቱዲዮ የገባው ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለ ጊታር ይዞ ነበር። ዊክድ ዎርልድን እንደጨረሱ የጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ተበላሸ። ጊዜ አልነበረም። በመጠባበቂያነት ይዞት የመጣውን ጊብሰን ኤስጂ አነሣና የቀረውን በእሱ ቀረጸ። ከዚያ ቀን በኋላ በዓለም የሚታወቅበት ጊታር ኤስጂ ሆነ። ስለዚህ እርስዎ ጋ ያለው ሸክላ ላይ ሁለቱም ጊታሮች አሉ። ዊክድ ዎርልድን ያጫውቱና ወዲያው ኤን.አይ.ቢ.ን ያስከትሉ። የመጀመሪያው ሳሳ ያለ፣ ጠርዙ የሳለ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ነው፣ ደረት ላይ ያርፋል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ልዩነቱ አይሰማም፤ ጥሩ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ።