ከቺፑ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር ሐይቅ ላይ ሲደርስ

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ባሕር ዳር የመመረቂያ ሥራውን የሚያዘጋጅ አንድ ተማሪ «ካሜራ የሚያየውን በቅጽበት ለመለየት ኮራል ይሻላል ወይስ ጄትሰን ናኖ?» ብሎ፣ ምስል የመለየት ስሌትን ስለሚያፋጥኑ ሁለት ትንንሽ የኮምፒውተር መሣሪያዎች ቢጠይቀኝ፣ ለዓመታት በውስጤ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ።

እምቦጭ በአውሮፓውያኑ 2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የአረሙ ሥር በጀልባ ሞተር ላይ እየተጠመጠመ የነጂዎችን ሥራ ያስተጓጉላል። በልጅነቴ ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉትን የደንገል ታንኳዎች እያየሁ ያደግኩ ነኝና፣ የውኃው መንገድ በአረም ሲዘጋ ማየት ይከብደኛል። ስለዚህ አረሙን ከርቀት ለይቶ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ ካሜራ ለመሥራት ከባልደረቦቼ ጋር ተነሣን። ገንዘብ የመደበልን አካል ግን ይህን ስሌት የሚያፋጥነውን ቺፕ ገዝቶ የሰጠን፣ አንድም ሰው ሐይቁ ላይ ወጥቶ ሳይሞክረው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ቁጥር ብቻ አይቶ ነበር።

ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ሐይቁ ላይ ውኃ እንዳይረጨው በታሸገ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ስላስቀመጥነው፣ የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ እየጋለ ሄደ፤ እንዲህ ያሉ ቺፖች ደግሞ ሙቀት ሲበዛባቸው እንዳይጎዱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ካሜራው ምስል መላኩን አላቆመም፤ ያልተሠራበት ምስል ወረፋ ይዞ ይከማች ጀመር። ወደ ፎገራ ዳርቻ ስንቃረብ ሐምራዊ አበባ ያፈካው አረም ፊታችን ተደቀነ። ሞተሩ አጉረምርሞ ከቆመ በኋላ ነው አረንጓዴው የማስጠንቀቂያ ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለው። ነጂው አንዳች ሳይናገር ሞተሩን ከውኃው አንሥቶ ሥሩን በቢላ ይቆርጥ ጀመር። በሰከንድ 5 ሜትር የሚጓዝ ጀልባ የአንድ ሰከንድ መዘግየት 5 ሜትር ያህል ወደ አረሙ ያስገባዋል። መዘግየቱን ለክተን፣ የሚስማማውን ቺፕ ለይተን ሪፖርት ስናቀርብ በጀቱ ተዘግቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው፣ ያ ነጂ መሣሪያው ተስተካክሎ እንደሚመለስለት ይጠብቅ ነበርና።

የዛሬ ወጣቶች እኛ በእናንተ ዕድሜ ካነበብነው እጅግ የበለጠ ታነባላችሁ፤ ሆኖም ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ለመከራከር ትቸኩላላችሁ። የኮራል ቺፕ በ2 ዋት ገደማ በሰከንድ 4 ትሪሊዮን ስሌት ይሠራል ይባላል፤ ለጄትሰን ናኖ የሚጠቀሰው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዋት እየወሰደ 472 ቢሊዮን ነው። የፊተኛው ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱ የሚቆጥረው ባለ 8 ቢት ሙሉ ቁጥር፣ ሁለተኛው ክፍልፋይ የሚይዝ ባለ 16 ቢት የነጥብ ቁጥር በመሆኑ ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ከዚህም በላይ ኮራል ውስጥ ያለው ማኅደረ ትውስታ 8 ሜጋባይት ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚተልቅ ሞዴል፣ ማለትም ምስሉን ለመለየት የሠለጠነው ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ምስል የተረፈውን ክፍል ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ ሲያመላልስ ይውላል። ለተማሪው ሞዴሉ ትንሽና የተረጋገጠ፣ ባትሪውም ውስን ከሆነ ኮራልን፣ ሞዴሉን ገና እየቀያየረ ከሆነ ጄትሰንን እንዲይዝ ነግሬዋለሁ።

ንጽጽር ስታመጡልኝ ግን ቁጥር እፈልጋለሁ፣ ያውም ብዙ። በሰከንድ 30 ምስል ለመከታተል ለአንዱ ምስል ያላችሁ ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ምስሉን ከካሜራ መቀበሉ፣ መጠኑን ማስተካከሉና ውጤቱን ማጣራቱ ሁሉ በዚያው ውስጥ ይቆጠራል። መሣሪያው በታሸገ ሣጥን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ እየተቀበለ የወሰደውን ጊዜ ለኩ፤ ከአማካዩ ይልቅም በጣም የዘገየውን አሳዩኝ።