ውሃ እየጠጣ የሚጠወልገው የማዴይራ ቁጥቋጦ

ጥያቄ፦ «ከማዴይራ ደሴት የመጣ ነው የተባለ፣ ረጅም ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ግቢዬ አለ። ሦስት ዓመቱ ነው። ፍግም ውሃም አልጎደለበትም፤ ማታ ማታ አጠጣዋለሁ። አሁን የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፣ ጫፉም ይጠወልጋል። ምን መድኃኒት ልርጭበት?»

መልስ፦ ምንም አይርጩ። ተክልዎ ኤኪየም ነው፤ በደሴቲቱ ገደላማና ዓለታማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል። ስለ አፈርዎ ባይነግሩንም «ማታ ማታ» ያሉት ይበቃል። አፈሩ ርሶ ሳለ ተክል ከጠወለገ ሥሩ መጠጣት አቁሟል፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሥር መበስበስ ነው።

ለማረጋገጥ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው አፈሩን በእጅዎ ይጫሩና አንድ ቀጭን ሥር በሁለት ጣትዎ ይዘው ይሳቡ። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ቆዳው እጅዎ ላይ ይቀራል፤ መሃሉ እንደ ክር ብቻውን ይንጠለጠላል።

ነቅለው ሌላ ቦታ አይትከሉት፤ ሥሩ ሲነካ አይወድም። የሚያስፈልግዎ ዶማና ጠጠር ብቻ ነው። መጀመሪያ ፍጉን ከግንዱ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁ፣ የግንዱ አንገት አየር ያግኝ። ቀጥሎ ከግንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀው በዝቅተኛው በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ማጠንፈፊያ ቦይ ይቆፍሩ። ጫፉ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውጣ፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ከዚያ በጠጠር ይሙሉት። ጣትዎን ሙሉውን አፈሩ ውስጥ ከተው ሲያዩት ደረቅ እስኪሆን ጠብታ ውሃ አይስጡ። ካገገመም በኋላ በደረቁ ወራት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ በደንብ ማርካት ይበቃዋል።

ደጋግመን የምናየውና የሚያሳዝነን ነገር አለ፦ ግንዱን በጎድጓዳ ከብቦ ውሃ ማቆር። ለብርቱካን ያዩትን ለሁሉም ተክል ማድረግ ነው። ኤኪየምን ግን ያፍነዋል። ፍጉም ቢሆን ቅጠሉን አለስልሶ አበባውን ይቀንሳል እንጂ አይጠቅመውም፤ ይህ ተክል ደሃ አፈር ይወዳል።

ከግማሽ በላይ ሥሩ ከበሰበሰ ላይድን ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ካልጠወለጉትና አበባ ካልያዙት ጫፎች 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አምስት ስድስት ይቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል ያራግፉ፣ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ውስጥ ተክለው ጥላ ሥር ያስቀምጡ። ላስቲክ አይሸፍኗቸው፤ ፀጉራሙ ቅጠል እርጥበት ሲታፈንበት ይሻግታል። ሥር ሲያወጡ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኝበት ቦታ ይትከሏቸው።

ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፣ የቅጠሉ ፀጉር ቆዳ ያሳክካል። ቁርጥራጩንም ለከብት አይስጡ፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው።