ለባለ ቪትዙ፦ ቴስታውን አታስነካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ባሕር ዳር ነኝ፣ ባለ 1.0 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ፣ ዳገት ላይ ትሞትብኛለች። ቴስታዋን፣ የሞተሯን የላይ ክዳን፣ አስከፍቼ የአየር መግቢያውን ላስፋው ወይስ 1.3 ሞተር ልቀይርላት?» ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ቴስታ፣ ከዚያ ሞተር። መካከል ላይ ደግሞ ለቅሶ።

1. ሞተሩን ከመውቀስህ በፊት ከፍታውን አስብ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ ቆላ ያለን ይመስለናል እንጂ ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ሞተርህ የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ያንተ እንደኔዋ ባለ አራት ፒስተኗ ዋን ኤስ ዜድ የምትባለው ሞተር ከሆነች ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ይላታል። እዚህ 56 በላት። 1.3ቱ፣ ቱ ኤን ዜድ የሚባለው፣ 87 አካባቢ ነው። ከሱም ላይ አንድ አምስተኛ ቀንስ። 70 መጣልህ አይደል? ያን ሁሉ ብር አውጥተህ የምታገኘው ያችው 1.0 ጃፓን ወደብ ላይ የነበራትን ጉልበት ነው። እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ብሩ ካለቀ በኋላ ነው።

2. ቴስታውን አታስነካ። አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት፣ ወሰድኳት። ባለሙያው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የማዋራቸው። ቴስታውን ገልብጠው አዩና «አፍንጫዋ፣ የአየር መግቢያዋ፣ ጠቦ ነው እኮ ልጄ፣ እንከፍትላታለን» አሉኝ። አመንኩ። ጠባብ አፍንጫ ያለው ሰው አይታፈንም እንዴ? በግራይንደር አራቱንም መግቢያ ሁለት ቀን ሲበሉት ሰነበቱ። ሲጨርሱ ውስጡ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ እንደ ልጅ ልደት።

አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ከቴስታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ፣ ተደርጎ ተገጠመ። በዚያው ቀን በዛዊት ዳገት ላይ ልሞክራት ወጣሁ። እመነኝ፣ ሦስት ሰው የጫነች ባጃጅ አለፈችኝ። ሾፌሩ ዞር ብሎም አየኝ።

ምን ሆነ መሰለህ? የውኃ ጎማ ጫፉን በጣትህ ጫን ስትለው ውኃው ርቆ ይወረወራል፣ ስትለቀው እግርህ ሥር ይፈሳል። አየርም እንደዚያው ነው። መግቢያው ሲሰፋ አየሩ ሩጫውን ያጣል። ዳገት ላይ በደቂቃ በ2000 እና በ3000 ዙር ስትታገል የሚጠቅምህ ያ ሩጫ ነው፤ ቫልቩ፣ የአየሩ በር፣ ሊዘጋ ሲል እንኳ በግፊቱ ይገባልሃል። እውነቱን ለመናገር ከ5000 በላይ ስረግጣት ትጮህ ነበር፣ ደስ የሚል ድምፅ። ግን በዚህ ሁሉ ባጃጅ መካከል ማን 5000 ይነዳል? ለካ ሊሠራ የሚገባው ዋናው ቦታም ሌላ ነው። አየሩ ታጥፎ ወደ ፒስተኑ የሚወርድበት፣ የቫልቩ መቀመጫ ዙሪያ። እዚያ የአንድ ሚሊ ሥራ ብዙ ነው፤ መለኪያ ያለው፣ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። የኔው ሰውዬ በዓይናቸው ነበር የሚለኩት።

ይህም ባልከፋ። ሁለት ወር ሳይሞላ ራዲያተሯ ውኃ መጉደል ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ። ጓርኒሲዮን ነው ብዬ አስቀየርኩ፣ አልቆመም። ሌላ ልጅ ከፍቶ ባትሪ ሲያበራበት፣ ሦስተኛው መግቢያ ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ። ግድግዳው በግራይንደሩ ቀጥኖ ወደ ውኃ መሄጃው ተበስቷል። ያቺ ነጥብ ናት 1.3 ያስገዛችኝ።

3. ሞተር ከቀየርክ ሙሉውን ግዛ። 1.0ውና 1.3ቱ ዘመድ አይደሉም፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አይገጥምም፣ የሞተሩ መያዣዎችም ልዩ ናቸው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ሄጄ ባዶ ሞተር ጫንኩ። ከዚያ ለካምቢዮ ተመለስኩ። ከዚያ ለሞተሩ ኮምፒውተርና ለኤሌክትሪክ ገመዱ። ደርሶ መልሱ ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በአውቶቡስ።

ወረቀቱንም አብረህ ተቀበል። ሊብሬህ፣ የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሻጩ «ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) በኋላ እልክልሃለሁ» አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ጨበጥኩት። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መስኮት ስደርስ ልጅቷ ቁጥሩን አየችና ሰው ሁሉ እየሰማ «ከየት የመጣ ሞተር ነው? ተሰርቆ ነው?» አለችኝ። አባቷ ብሆን የምበቃ ሰው ነኝ። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሁለቱን ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሻጩ ስልክ ማንሳት ያቆመው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው።

አሁንማ መኪናዋ ሌላ ሆናለች፣ አልዋሽህም። የዓባይ በረሃን ዳገት ከድልድዩ እስከ ደጀን አራት ሰው ጭኜ፣ አብዛኛውን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው። ገመዱን ያገናኘሁት ራሴ ነኝ፣ ከአንድ ጎበዝ የኤሌክትሪክ ልጅ ጋር። የኮምፒውተር መብራት እንኳ አይበራባትም።

ግን አንተ ገና ምንም አልነካህም። የአየር ፊልትሮህን አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው፤ የኔው በጠጠር መንገድ አቧራ ታፍኖ እንደ ጭቃ ጡብ ነበር፣ ያኔ ማን አየው! ካንዴላዎቹን፣ እሳት የሚጭሩትን፣ እይ። ከዚያ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን (የመጭመቅ ግፊት) አስለክተህ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፣ እነግርሃለሁ። የተበሳው ቴስታ ቤቴ አለ። የበሩ መደገፊያ አድርጌዋለሁ። ማየት ከፈለግህ ና፣ ቡና እናፈላለን።